200 ፒዲኤፍ አውርጄ አንዱንም አልጨረስኩም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከሐዋሳ የደረሱንን ስለ ኤሌክትሮኒክ ንባብ የተጻፉ ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስበን እንመልሳለን። አብዛኞቹ የሚገናኙት በአንድ ቅሬታ ነው፤ ስክሪን ንባቤን አበላሸብኝ የሚል። እየቀረብን ስናየው ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ሳይሆን የፋይሉ ሆኖ እናገኘዋለን። መልሳችን ደጋግሞ ወደ ፋይሉ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ድሮ አንድ ልብ ወለድ በሳምንት እጨርስ ነበር። አሁን ከቴሌግራም ያወረድኳቸው ከ200 በላይ የአማርኛ መጻሕፍት ስልኬ ላይ አሉ፤ አምስት ስድስት ገጽ እሄድና እተዋቸዋለሁ። አንድም የጨረስኩት የለም። ዕድሜ ነው ወይስ ስልኩ?

መልስ፦ ዕድሜ አይደለም። አንድ ስሌት እናሳይዎት። ከቴሌግራም የሚወርደው አብዛኛው ፒዲኤፍ የተሰናዳው ለኤ4 ወረቀት ነው። የኤ4 ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ባለ 6.5 ኢንች ስልክ አቁመው ሲይዙት የስክሪኑ ወርድ 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ገጹ ወደ ሲሶው ይኮማተራል፤ በ12 ነጥብ መጠን የተተየበው ፊደል 4 ነጥብ ይሆናል። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ከሚመጣው ወረቀት ጽሕፈት እንኳ ያንሳል ማለት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ በዚህ መጠን ክፉኛ ይጎዳል። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለያቸው የቅጥያዋ መሐል መሆንና ታች መሆን ብቻ ነው፤ በ4 ነጥብ ቅጥያዋ ራሷ ነጥብ ትሆናለች። ዓይን ፊደሉን ሳይሆን ቃሉን እየገመተ ይሄዳል፤ ግምት ደግሞ ያደክማል።

ያን ጊዜ ገጹን በሁለት ጣት ያጎሉታል። ከጎላ በኋላ መስመሩ ከስክሪኑ ያልፋል፤ ለመጨረስ ወደ ጎን ይጎትቱታል፣ ቀጣዩን ለመጀመር ይመልሱታል። 30 መስመር ያለው አንድ ገጽ 60 ጉተታ ይፈልጋል። አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ 300 ጊዜ ጎትተዋል። የሚተዉት እዚያ ላይ መሆኑ የሚገርም አይደለም።

መፍትሔው ፋይሉን ከመለየት ይጀምራል። ፒዲኤፉን ይክፈቱና አንድ ቃል ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ያቆዩ። ቃሉ ካልተመረጠ ያወረዱት መጽሐፍ ሳይሆን የመጽሐፍ ፎቶ ነው። ከተመረጠ ኮፒ አድርገው መልእክት መጻፊያ ላይ ይለጥፉት። ንጹሕ አማርኛ ከወጣ ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ የተተየበ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርምስ ከወጣ ግን ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተተየበ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የእኛን መልክ ያለብሱት ነበር። ልብሱ ሲወልቅ የሚታየው ያ ትርምስ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት በማተሚያ ቤቶች ስላገለገሉ በቅርብ የወጣ መጽሐፍ እንኳ እንዲህ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ጽሑፉ ዩኒኮድ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ካሊበር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነው ወደ ኢፐብ ይለውጡት። ኢፐብ ቋሚ ገጽ የለውም፤ ፊደሉን ሲያተልቁት መስመሩ በስክሪኑ ልክ ራሱን ያስተካክላል፤ ጉተታ ይቀራል። ከፒዲኤፍ ሲለወጥ የገጽ ቁጥርና በየገጹ አናት ያለው የመጽሐፉ ርእስ ዓረፍተ ነገር መሐል ገብተው ይቀራሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ንባቡን ግን አያስቆምም። ፎቶ ከሆነ ወይም ፊደሉ የድሮው ከሆነ ነጩን ኅዳግ የሚቆርጥ አፕ ይጠቀሙ። ኬኦሪደርና ሪድኤራ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፣ ሁለቱም ይህን ያደርጋሉ። ከዚያ ስልኩን አጋድመው ያንብቡ።

ኢፐቡን ሲከፍቱ የሚከተለውን ያስተካክሉ። የፊደሉን መጠን በአንድ መስመር ከአራት እስከ ስድስት ቃል እስኪቀር ያሳድጉት፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ የእንግሊዝኛው ልክ ለእኛ አይሆንም። የመስመር ርቀቱን 1.5 ያድርጉት። በሁለቱም ጎን እኩል የማሰለፊያውን ምርጫ ያጥፉ፤ አብዛኞቹ አፖች የአማርኛን ቃል መስመር መጨረሻ ላይ መክፈል ስለማያውቁ መስመሩን የሚሞሉት በቃላቱ መሐል ሰፊ ክፍተት እየተዉ ነው። ገጹም ወደ ታች እንዲንሸራተት ሳይሆን እንዲገለጥ ያድርጉ። በሚንሸራተት ጽሑፍ ላይ ያነበቡት ነገር ቋሚ ቦታ ስለማይኖረው መልሰው ሲፈልጉት ይጠፋብዎታል።

የቀረው የቴሌግራም ነገር ነው። መጽሐፉን እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ከፍተው አያንብቡ፤ አንድ መልእክት በገባ ቁጥር አንድ ጣት ርቀት ላይ ነዎት። ፋይሉን ወደ ስልኩ ያስቀምጡ፣ በማንበቢያው አፕ ይክፈቱት፣ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ ያድርጉት። 200ዎቹን ደግሞ ሌላ ፎልደር ውስጥ ያስገቧቸውና ከማንበቢያው ዝርዝር ያውጧቸው። አንድ ብቻ ይቅር። አንድ መጽሐፍ ሲከብድ ሌላ መክፈት በጣም ቀላል ሲሆን፣ ሰው ከባዱን ገጽ የማለፍ ልምዱን ያጣል። መደርደሪያ ላይ ሦስት መጽሐፍ የነበረው ሰው ይህ ፈተና አልነበረበትም።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ኪንድል የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ አምጥታልኛለች። እንግሊዝኛው ያምራል፤ አማርኛ ስጭንበት ግን ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይደረደራል። ኮምፒውተር ላይ ስሰካውም አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሳጥኑ ማለት መሣሪያው ፊደሉን ያውቀዋል፣ የሚስልበት ፎንት ግን የለውም ማለት ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጣው ሶፍትዌር ኪንድል የራስዎን ፎንት ይቀበላል።

መጀመሪያ ኬብሉን እናንሳ፤ «አይታይም» ያሉት ከእሱ ሳይሆን አይቀርም። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፤ የመረጃ ሽቦ የላቸውም። ሲሰኩት የባትሪው ምልክት ከበራና ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ካልመጣ ኬብሉን ይቀይሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፔፐርዋይት ከተባለው የኪንድል ሞዴል ጀምሮ ያሉት ዩኤስቢ ሲ ነው የሚወስዱት፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በአብዛኛው ማይክሮ ዩኤስቢ ናቸው።

ከታየ በኋላ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ከኢንተርኔት ያውርዱ፤ ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የወጡ ናቸው። ታሽጎ የወረደውን ዚፕ ይፍቱና መጨረሻው ቲቲኤፍ (.ttf) የሆነውን ፋይል ብቻ ኪንድሉ ላይ «ፎንትስ» (fonts) በሚለው ፎልደር ውስጥ ይገልብጡት። ዚፑን እንዳለ መገልበጥ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። ከዚያ ኬብሉን ይንቀሉ፣ መጽሐፉን ይክፈቱ፣ የፊደል ምልክት ያለበትን ዝርዝር ነክተው አዲሱን ፎንት ይምረጡ።

ይህ ለፒዲኤፍ አይሠራም፤ ፒዲኤፍ የራሱን ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። በኬብል የተገለበጠ ኢፐብም ኪንድል ላይ አይከፈትም። ካሊበር ውስጥ ኢፐቡን ኪንድል ወደሚከፍተው ኤዜድደብሊው3 (AZW3) ይለውጡት። በሚለውጡበት ጊዜ «ሉክ ኤንድ ፊል» (Look & feel) በሚለው ገጽ ላይ ፎንት ከመጽሐፉ ጋር የሚያቅፍ ምርጫ አለ፤ አቢሲኒካን እዚያ ይምረጡ። እንዲህ ከተሠራ መጽሐፉ ፎንቱን ተሸክሞ ስለሚሄድ ሌላ ሰው ኪንድል ላይም አማርኛው ይነበባል። እዚያ ላይ ሲከፈት ከፎንቶቹ ዝርዝር የአሳታሚውን ፎንት ብቻ ይምረጡ። መሣሪያው ኮቦ የተባለው ሌላ ማንበቢያ ቢሆን ኖሮ ሥራው ይቀል ነበር፤ ኢፐብ በቀጥታ ይቀበላል፣ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ፈጥሮ ፎንቱን ማስገባት ብቻ ይበቃል።

አንድ ነገር እህትዎን ይጠይቁልን። መሣሪያው በእሷ አካውንት ተመዝግቦ ከሆነ የገዛቻቸው መጻሕፍት ከአካውንቷ ጋር የታሰሩ ናቸው፤ ምዝገባው ሲሰረዝ ከመሣሪያው ይጠፋሉ። ከሰው እጅ የሚገዙ ሌሎች አንባቢዎችም ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የቀድሞው ባለቤት ምዝገባውን ዓይናቸው እያየ እንዲሰርዝ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ማንበብ እወዳለሁ። ስልክ በፀሐይ አይታይም። እንደ ኪንድል ባሉ ማንበቢያዎች ላይ ያለው ኢ-ኢንክ የሚባለው ስክሪን በእርግጥ ወረቀት ያህል ነው? መብራት ሲጠፋስ? እንዴት ነው የሚሰበረው?

መልስ፦ በፀሐይ ላይስ ወረቀት ያህል ነው። ስልክ ብርሃን ወደ እርስዎ ይረጫል፤ ከሐይቁ ነጸብራቅ ጋር ሲገጥም ይሸነፋል። ኢ-ኢንክ ብርሃን አይረጭም። ስክሪኑ ውስጥ የፀጉር ስፋት ያህል የሆኑ በፈሳሽ የተሞሉ እንክብሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ነጭና ጥቁር የቀለም ብናኝ አለ፣ አንዱ አዎንታዊ ሌላው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ። ከሥር ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል። የሚያዩት ቀለሙን ራሱን ነው፤ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይጠራል። ቴክኖሎጂውን ለገበያ ያበቃው ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኪንድል የወጣው በኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. ነው።

ብናኞቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ያለ ኤሌክትሪክ እዚያው ይቆያሉ። መሣሪያው ባትሪ በደንብ የሚበላው ገጽ ሲገለጥ፣ የጠርዙ መብራት ሲበራና ዋይፋይ ሲፈልግ ነው። ዋይፋዩን ዘግተው መብራቱን ዝቅ ካደረጉ በቀን አንድ ሰዓት ለሚያነብ ሰው ሳምንታት ይቆያል። ባትሪው 1500 ወይም 1700 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው፤ ባለ 10000 ፓወር ባንክ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ሦስት ጊዜ ይሞላዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል ግን ቻርጅ ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ወዲያው ይንቀሉት።

ስለ ስብራቱ በደንብ እንናገር፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚያጣው በዚህ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ፕላስቲክ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ሊሰበር ይችላል። ከቀለሙ ሥር በጣም ስስ ብርጭቆ አለ፤ ቦርሳ ውስጥ ቁልፍ ወይም የቻርጀር ጫፍ ሲጫነው እሱ ነው የሚሄደው። ባጃጅ ላይ ቦርሳውን ጉልበት ላይ አድርጎ ክርን መደገፍ ይበቃዋል። ከተሰበረ የስክሪኑ ግማሽ ያለፈውን ሥዕል እንደያዘ ደርቆ ይቀራል፣ ወይም ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። ስክሪን ማስቀየር ከመሣሪያው ዋጋ ብዙ ስለማይርቅ አይመከርም። ደረቅ ሽፋን ይግዙለት፤ ቦርሳ ውስጥም ፊቱን ወደ ደብተሩ አዙረው ያስገቡት። የኪንድል አምራች የፈቀደው የአጠቃቀም ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። በየካቲትና በመጋቢት መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚህ ያልፋልና ዳሽቦርድ ላይ ትተውት አይሂዱ።

የቀድሞው ገጽ ጥላ ደብዘዝ ብሎ ከቀረ ብልሽት አይደለም። ከሴቲንጉ ውስጥ፣ ገጽ በተገለጠ ቁጥር ሙሉ እድሳት እንዲያደርግ ይዘዙት።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሃንድአውቱም ቴክስት ቡኩም በፒዲኤፍ ነው። ስክሪን ላይ ሳነበው የገባኝ ይመስለኛል፤ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል። ሁሉን ፕሪንት ላድርግ? ገንዘቡስ?

መልስ፦ «የገባኝ ይመስለኛል» ያልሽው ነገር በጥናት የታወቀ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ2000 እስከ 2017 የተሠሩ 54 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ ሥራ አለ፤ የተሳታፊዎቹ ብዛት ከ170,000 ይበልጣል። ውጤቱ እንዲህ ነው፤ መረጃ ለመያዝ ለሚነበብ ጽሑፍ፣ በተለይ ሰዓት ሲገደብ፣ በወረቀት ያነበቡት የተሻለ ተረድተዋል። ለትረካ ግን ልዩነት አልታየም። ሰው ስክሪን ላይ ሲሆን ይፈጥናል፣ ስለ ግንዛቤውም ከልክ በላይ ይተማመናል የሚለው ማብራሪያ ካንቺ ቃል ጋር ይገጥማል።

ሌላም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 50 ሰዎች ባለ 28 ገጽ ታሪክ አነበቡ፤ ግማሾቹ በኪንድል፣ ግማሾቹ በወረቀት። በአብዛኛው ጥያቄ ተመሳሳይ ነበሩ። የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል ሲጠየቁ ግን በወረቀት ያነበቡት በለጡ። ወረቀት የያዘ ሰው ግራ እጁ ላይ እየወፈረ፣ ቀኝ እጁ ላይ እየሳሳ የሚሄደውን ይዳስሳል፤ ነገሩ መጽሐፉ ውስጥ የት ላይ እንደነበረ እጁም ያስታውሳል። ኪንድል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ውፍረቱ አንድ ነው።

ስለዚህ ሁሉን አታትሚ። ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነገር ያለበትን ምዕራፍ፣ ማለትም ስሌት፣ የሒደት ቅደም ተከተል፣ ደጋግመሽ ወደ ኋላ የምትመለሺበትን ሥዕላዊ መግለጫ ብቻ አትሚ። በአንድ ፊት ሁለት ገጽ፣ በሁለቱም ፊት ሲታተም ባለ 40 ገጽ ምዕራፍ 10 ወረቀት ይወስዳል። ፊደሉ ከ12 ወደ 8.5 ነጥብ ግድም ይወርዳል፤ ያስነብባል፣ ከዚያ በታች ግን አትውረጂ።

የቀረውን ስክሪን ላይ ስታነቢ ፍጥነቱን የሚሰብር ነገር አስገቢበት። ንኡስ ርእስ ሲያልቅ ስክሪኑን አጥፊና ያነበብሽውን ሳታይ በእስክሪብቶ አምስት መስመር ጻፊ። መጻፍ ካቃተሽ አልገባሽም ማለት ነው፤ ይህን ከፈተናው በፊት ማወቅሽ ነው ጥቅሙ። ማስመር ብቻውን ግን ያታልላል፤ ጣት ስለሠራ አእምሮም የሠራ ይመስላል።

ካሰመርሽም አክሮባት ሪደርን በመሰለ ምልክቱን ፋይሉ ውስጥ በሚጽፍ አፕ ይሁን። አንዳንድ አፖች ምልክቱን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ማኅደር ነው፤ አፑን ስታጠፊ ወይም ያንኑ ፋይል ከቴሌግራም እንደገና ስታወርጂ የሴሚስተሩ ሥራ ይጠፋል።

ስክሪን የሚበልጥበትንም አትርሺ። እንግሊዝኛ ቴክስት ቡክ በኢፐብ ወይም በኪንድል ፋይል ካገኘሽ፣ የማታውቂውን ቃል ተጭነሽ ስትቆዪ መዝገበ ቃላቱ ያለ ኢንተርኔት ፍቺውን ያወጣልሻል። በወረቀት ዘመን ተማሪ መዝገበ ቃላት ለማንሳት እየሰነፈ የሚያልፈው ቃል ብዙ ነበር። ይህ ልማድ በእርግጥ ተለውጧል፤ ወደ መልካም ነው የተለወጠው። ቴክስት ቡኩን በባለ 6 ኢንች ማንበቢያ ላይ በፒዲኤፍ ለማንበብ ግን አትሞክሪ፤ ፊደሉ ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል። ኅዳጉን ቆርጠሽ አጋድመሽ ከያዝሽው 9 ነጥብ ስለሚደርስ ያኔ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማታ አልጋ ላይ በስልክ ያነባል፤ እንቅልፍ ይነሳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 12 ሰዎች ለአምስት ሌሊት ከመኝታ በፊት አራት አራት ሰዓት ብርሃኑ በበረታ ታብሌት አነበቡ፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ በወረቀት። በታብሌቱ ጊዜ እንቅልፍ ለመያዝ በአማካይ 10 ደቂቃ ያህል ዘገዩ፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞንም ቀነሰ። አራት ሰዓት በሙሉ ብርሃን ብዙ ነው፤ ኢ-ኢንክም አልተፈተነም። የኢ-ኢንክ መብራት ከጠርዝ ተነሥቶ ገጹ ላይ ነው የሚያርፈው እንጂ ዓይን ላይ በቀጥታ አይተኮስም፤ ዝቅ ሊደረግም ይችላል። ባለቤትዎ በስልክ መቀጠል ካለበት ብራይትነሱን ጨለማ ውስጥ ለማንበብ እስከሚበቃው ድረስ ያውርደው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቀው፣ በየ20 ደቂቃውም ዓይኑን አንስቶ ክፍሉ ውስጥ የራቀ ነገር ይመልከት። ስክሪን ላይ ስናፈጥ የዓይን ሽፋን መርገብገብ ስለሚቀንስ ነው ዓይን የሚቆጠቁጠው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ አቶቴ ነው የምኖረው። ስልክ ንባብን ገደለው ብዬ ከልጆቼ ጋር እከራከራለሁ። ትክክል አይደለሁም?

መልስ፦ አባታችን፣ ግማሹ ትክክል ነው። ረጅም መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነበብበት ጊዜ በስልክ እንደተሸረፈ ከላይ የጻፉልን ወንድማችን ምስክር ናቸው። በሌላ በኩል ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች በስልክ የሚያነቡ ሰዎችን ጠይቆ ባወጣው ዘገባ፣ 62 በመቶው በስልክ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ንባባቸው እንደጨመረ ተናግረዋል። ከሦስት አንዱ ያህል ለልጆች በስልክ ያነባል። የተጠየቁት ቀድሞውንም በስልክ የሚያነቡ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ስለማያነበው ሰው ዘገባው አይነግረንም። ቢሆንም መጻሕፍት ቤት በሌለበት ቀበሌ ላለ ሰው ስልክ የቀማው መጽሐፍ አልነበረም፤ ያመጣለት ነው። ከልጆችዎ ጋር የሚያስማማዎት ሐሳብ ይህ ይመስለናል። ለልጅ ልጆች ከሆነም ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪና አፍሪካን ስቶሪቡክ በሥዕል የተሠሩ የአማርኛ የልጆች ታሪኮችን በነፃ ያቀርባሉ፤ ኢንተርኔት ባለበት አውርደው ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ያንብቡላቸው። ስልኩን እርስዎ ይያዙት፣ ልጁ ገጹን ይግለጥ።

ጥያቄ፦ መጽሐፌ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ፎቶው ተነሥቶ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። እኔም በኤሌክትሮኒክ ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ አዋጁ በ872/2007 ተሻሽሏል። ለቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ ሲልኩ የቻናሉን ስም ብቻ አይጻፉ። ፋይሉ ያለበትን መልእክት ሊንክ፣ የሽፋኑን ፎቶና የመብት መግለጫው ያለበትን ገጽ አብረው ያያይዙ። አንዱ ሲነሣ ሌላ ቦታ ይወጣል፤ ይህን ስንጽፍ እያዘንን ነው። መጽሐፍ በፎቶ የሚያሰራጭ ሰው የሚቀማው የደራሲውን እንጀራ ብቻ አይደለም፤ አንባቢውንም በ4 ነጥብ ፊደል ያደነቁረዋል። በደንብ የተሠራ ኢፐብ ከዚያ ፎቶ ጋር ሲወዳደር ለዓይን የሚሰጠው ምቾት አንባቢ ሊከፍልለት የሚገባ ነገር ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ከማተሚያ ቤት የሕትመቱን ፒዲኤፍ ሳይሆን ጽሑፉን በዎርድ ይቀበሉ። በድሮው ፕሮግራም የተተየበ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥና ሙሉው እንደገና ይታረም፤ ሲለወጥ አንዳንድ ፊደል ይዛነፋል። እያንዳንዱን የምዕራፍ ርእስ በእጅ አግዝፈው አይተዉት፤ ዎርድ ውስጥ «ሄዲንግ 1» ያድርጉት። ማውጫው የሚሠራው ከእሱ ነው። አንቀጽ ለመጀመር በስፔስ የተገፋውን ሁሉ ያጥፉ። ቀጥሎ አራት ነጥቡን ይመልከቱ። ብዙ ታይፒስቶች ሁለት ኮለን ደርበው «::» ይጽፋሉ፤ ወረቀት ላይ አይታወቅም፣ ለማሽኑ ግን አራት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ኮለን ነው። «ፈልግና ተካ» በሚለው በትክክለኛው «።» ይተኩት፤ ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ አንድ ደቂቃ አይወስድም። ከዚያ በካሊበር ወደ ኢፐብ ለውጠው ቋንቋውን አማርኛ ይበሉ፣ አቢሲኒካን ያቅፉበት፣ ወርዱ 1600 ቁመቱ 2560 ፒክስል የሆነ ሽፋን ያስገቡ። ጽሑፍ ብቻ የሆነ ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ በስተቀር ከ1 ሜጋባይት አያልፍም፤ በፎቶ የተሠራው ግን በአሥሮች ሜጋባይት ይቆጠራል። ዳታ ለሚቆጥር አንባቢ ይህም አንድ ምክንያት ነው።

ከመልቀቅዎ በፊት በሦስት መሣሪያ ይፈትኑት፤ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ አይፎንና አንድ ማንበቢያ። የሚፈትኑት የመጀመሪያውን ገጽ ሳይሆን መሐል ላይ ያለ፣ ግጥም ወይም ቃለ ምልልስ ያለበትን ገጽ ይሁን፤ ስንኝ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ኢፐብ መጽሐፍ ውስጥ ያነበብኩትን ቃል ስፈልግ «አልተገኘም» ይለኛል። ዓይኔ ያየው ቃል እንዴት አይገኝም?

መልስ፦ ማሽኑ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን፣ «አ»ን እና «ዐ»ን፣ «ጸ»ን እና «ፀ»ንም የተለያዩ ፊደሎች አድርጎ ነው የሚያያቸው። እርስዎ «አለም» ብለው ሲፈልጉ ደራሲው «ዓለም» ብሎ ከሆነ አያገኘውም። በሁሉም ቅርጽ ይሞክሩት፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ። ግስ ከሆነ ደግሞ ቅጥያውን ይቁረጡ፤ «አልተመለሰችም» ከማለት «መለሰ» ከማለትም ይልቅ «መለ» ብለው ይፈልጉ፤ ቃሉ ሲረባ የመጨረሻው ፊደል ስለሚለወጥ ነው። ብዙ ውጤት ይመጣል፤ ከአጠገቡ ያለውን ዓረፍተ ነገር አይተው የሚፈልጉትን ይለዩታል።